ባለፈው የመረጣችሁትን ዘንድሮ ትደግሙታላችሁ?

ፒያሳ ነባር (ክሩን የከፈተ)

ጥያቄዬ አጭር ናት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፍ ይዛችሁ የመረጣችሁትን ፓርቲ በዚህ በሰባተኛው ምርጫ ትደግሙታላችሁ ወይስ ትቀይራላችሁ? ማንን እንደመረጣችሁ መናገር ግዴታ አይደለም። ድምፅ ምስጢር ነው። የፈለገ ይንገረን፣ ያልፈለገ «እደግማለሁ» ወይም «እቀይራለሁ» ብሎ ይለፍ። ምክንያቱን ግን አትንፈጉን።

የኔን ላስቀድም። እኔ ገና ጥያቄው ላይ ቆሜያለሁ። እዚህ አገር መራጩ ሐሳቡን ሳይቀይር ፓርቲው ቀድሞት ይቀየራል።

እስቲ ቁጠሩልኝ። በ1997 አዲስ አበባ ሁለት ጣቷን ቀስራ የተቃዋሚዎቹን ጥምረት ቅንጅትን መረጠች። የከተማዋ 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ የቅንጅት ሆኑ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱ። ያን ቀን ቅንጅትን የመረጠ ሰው በ2002 «ልድገመው» ቢል ማንን ይደግማል? ያ ቅንጅት የለማ! የኢሕአዴግን ምልክት፣ ንብን፣ የመረጠውስ? እሱ እንኳ በ2002ም በ2007ም ንቡን አግኝቷል። በ2013 ሲሄድ ግን ወረቀቱ ላይ ንብ የለም። ኢሕአዴግ በ2012 ከስሞ ብልፅግና ሆኗል፣ ምልክቱም አምፖል። ኢዜማን ብትሉ በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው የመሠረቱት ነው። እንግዲህ «ይሄ የኔ ፓርቲ ነው» የሚል ቋሚ መራጭ ከየት ይምጣ?

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አለ። ብልፅግናም፣ ኢዜማም፣ አብንም (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ)፣ እናት ፓርቲም ከነስማቸው አሉ። አምስት ዓመት ተያይተናል። ስለዚህ ለአንዴ እንኳ «አውቅሃለሁ፣ ያኔ እንዲህ ብለህ ነበር፣ የታለ?» ማለት ይቻላል። በዚህ መንፈስ ነው የምጠይቃችሁ።

ሚሚ አራዳ

እቀይራለሁ። ምክንያቱን በኋላ እጽፋለሁ፣ አሁን ምጣድ ጥጄ ነው።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

እኔ እደግማለሁ፤ አልደብቅም። ብልፅግናን ነው የመረጥኩት፣ ዘንድሮም እሱኑ ነው።

ምክንያት? የማየው ነገር አለ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ማታ በእግሬ እሄዳለሁ። ድሮ ከመሸ በኋላ ያቺን መንገድ ስሄድ ስልኬን ካልሲዬ ውስጥ ነበር የምከተው። አሁን መብራት አለ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይንሸራሸራል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተከፈተ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ። «ወሬ ብቻ ነው» የምትሉትን ሰዎች አልገባችሁኝም። ወሬ ተርባይን አያዞርም።

ኑሮ ከበደ ካላችሁኝ አዎ ከብዷል። እኔም ደሞዝተኛ ነኝ። ግን ሌላው ፓርቲ ቢመጣ ዘይቱን በስንት ይሸጥልኛል? እስካሁን የነገረኝ የለም።

ረዳት ነኝ ከሜክሲኮ

እኔ አልደግምም፣ አልቀይርምም። አልሄድም። ካርድም አልወስድም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። አለቀ።

ሚሚ አራዳ

» ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም

ወንድሜ፣ ጉልቻውን ተወውና ወጡን ማን ነው የሚሠራው? እሱን መቀየር ይቻላል እኮ። ይሄ ተረት ሁሌ የሚጠቀሰው ማድ ቤት ገብቶ በማያውቅ ወንድ ነው። ይቅርታ ግን!

ረዳት ነኝ ከሜክሲኮ

ሃሃ፣ ተቀብያለሁ። ግን አሁንም አልሄድም።

የስድስት ኪሎው መምህር

ልጆች፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስልክ ላይ ቶሎ አልጽፍም፣ ታገሱኝ።

«መራጭ ይቀየራል ወይ?» ለሚለው ያየሁትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ቅዳሜ ነበር። ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይ ላይ ሰልፍ ጠራ። ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። አደባባዩ ሞላ። በማግስቱ እሁድ የተቃዋሚዎች ሰልፍ ሆነ። አሁንም ሞላ፤ እንዲያውም ሰዉ ተርፎ በየመንገዱ ፈሰሰ። በሁለቱም ቀን የወጡ የሰፈሬን ልጆች አውቃለሁ። አንዱ ጎረቤቴ ቅዳሜ የተሰጠውን ቲሸርት ገልብጦ ለብሶ፣ ስፌቱ በውጭ እየታየ፣ ሁለት ጣቱን ከፍ አድርጎ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። «ምነው?» ስለው «ጋሼ፣ ቲሸርቱ እንደሆነ ጥሩ ነው» አለኝ።

ያ ልጅ እሁድ ዕለት አልተቀየረም። ቅዳሜም ተቀይሮ ነበር። ፓርቲዎች የማይገባቸው ይህ ነው። ሰልፍ የወጣ ሁሉ፣ ቲሸርት የለበሰ ሁሉ የእነሱ ይመስላቸዋል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ፊቱና ሆዱ ለየብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከምርጫው በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሰላማዊ ሰዎች እንደተገደሉ ከአጣሪ ኮሚሽኑ ወገን ተነግሯል። ቅንጅት ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ1997 ተቃዋሚዎችን ብቻ የላከች አዲስ አበባ ያኔ አንድ ተቃዋሚ ብቻ ላከች፤ አቶ ግርማ ሰይፉን። በ2007 እሱም ቀረና 547ቱም አንድ ወገን ሆነ።

አሁን የውጭ ሰው ይህንን ቁጥር ቢያይ «የከተማው ሕዝብ በአምስት ዓመት ሐሳቡን ገለበጠ» ይላል። እኔ እዚሁ ነበርኩ። ከፊሉ በእርግጥ ቀይሯል፤ መንገዱንም ኮንዶሚኒየሙንም አይቶ። ከፊሉ ግን «ምን ላመጣ» ብሎ ቤቱ ቀርቷል ወይም ሄዶ እንዲያው ምልክት አድርጎ ተመልሷል። ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሁለቱ አይለዩም።

ፒያሳ ነባር

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። «ፊቱና ሆዱ ለየብቻ» ያሉት እውነት ነው። ለዚህም ነው በታክሲ ውስጥ በሚሰማ ወሬ ምርጫ የማይገመተው።

አወያይ

አንድ ኮሜንት አንስቻለሁ። ብሔር እየጠሩ መሳደብ እዚህ አይቻልም። ክሩ ደህና እየሄደ ነው፣ አታበላሹት።

ሂሳቡ ይቅደም

ሁላችሁም «እቀይራለሁ፣ አልቀይርም» ትላላችሁ። ብትቀይሩስ ምን ይፈጠራል የሚለውን እናስላ።

የእኛ ምርጫ አብላጫ ድምፅ ነው። ለፓርላማ በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ያልፋል፣ ያውም ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ከበለጠ በቃ። ለምሳሌ 10,000 ሰው መረጠ እንበል። ፓርቲ ሀ 4,000 አገኘ። ለ፣ ሐ እና መ ሁለት ሁለት ሺህ አገኙ። 6,000 ሰው ሀን አልፈለገም፣ የገባው ግን ሀ ነው። አሁን ከሀ መራጮች 900 ሰው «ቀየርን» ብሎ ወጣና ለሦስቱ እኩል ተከፋፈለ እንበል። ሀ 3,100፣ ሌሎቹ 2,300። አሁንም ሀ! 900 ሰው ፓርቲ ቀይሮ ውጤቱ ላይ ምንም አልተነቃነቀም።

በ1997 ለምን ተነቃነቀ? ቅንጅት እንደስሙ ቅንጅት ነበራ። መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ የሚባሉ አራት ፓርቲዎች አንድ ምልክት ይዘው ቀረቡ። አዲስ አበባ ውስጥ የተቃውሞው ድምፅ አንድ ቦታ ተጠራቀመ። በ2013ስ? ኢዜማ ለብቻው፣ ባልደራስ ለብቻው፣ እናት ለብቻው፣ አብን ለብቻው። ከአዲስ አበባ 23 ወንበር ብልፅግና 22ቱን ወሰደ። የቀረችው የግል ተወዳዳሪ ናት። በአገር ደረጃ መጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበር 410 ብልፅግና፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4።

ስለዚህ ለእኔ «መራጩ ይቀይራል ወይ?» ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው «የሚቀይረው ወደ አንድ ቦታ ነው ወይስ ወደ አምስት?» የሚለው ነው።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

ሂሳብህ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። የ2013 መራጭ ለምን ብልፅግናን መረጠ? ጦርነት ላይ ነበርን። ሰው መረጋጋት ፈልጎ ነው። በድምፅ መከፋፈል ብቻ አይደለም 22 የተገኘው።

ሂሳቡ ይቅደም

ሊሆን ይችላል። እኔ ሰው ልብ ውስጥ አልገባም፣ ሳጥን ነው የምቆጥረው።

የቀድሞ ተቃዋሚ

እኔ በ2013 ኢዜማን ነው የመረጥኩት። ዝናብ እያካፋ ድንኳን በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ። ያን ቀን ከተማው ውስጥ ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዘመ። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ሳምንት አለቀቀም። የመረጥኩት ለምን ነበር? ብልፅግና ላይ ጠንካራ ተቃዋሚ ፓርላማ እንዲገባ ፈልጌ።

መስከረም 2014 መንግሥት ተመሠረተ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር። የአብኑ አቶ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር። የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር። ቴሌቪዥን ላይ ሲምሉ እያየሁ «እኔ የመረጥኩት ምንድነው?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም አልለየልኝም። ተቃዋሚ ስመርጥ የመንግሥት ሚኒስትር መርጬ ነበር?

የመሥራት ጉዳይ ከሆነ ፕሮፌሰሩ ሠርተዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሰጥ አደረጉ፣ ኩረጃው ቆመ። በ2014ቱ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኖ አገር ደነገጠ። ለዓመታት ሸፍነን የኖርነውን ነው ያወጣው። ለኔ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ታዲያ ዘንድሮ ለዚህ ሥራ ላመሰግን ብል ማን ላይ ነው ምልክት የማደርገው? ኢዜማ ላይ? ብልፅግና ላይ? ልወቅስ ብልስ? የእህቴ ልጅ ከወደቁት አንዷ ናት። እናቷ ማንን ትቅጣ?

ፒያሳ ነባር «ፓርቲው ቀድሞት ይቀየራል» ያልከው የገባኝ በዚህ በኩል ነው። ስሙም አርማውም ያው ሆኖ ቆሞበት የነበረው ቦታ ሊቀየር ይችላል።

ስለዚህ እቀይራለሁ መሰለኝ። ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

አሰፋ ዘ ልደታ

እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው። ፓርቲ ሁሉ ጠላት መሆን አለበት ያለው ማነው? ሥልጣን ሲካፈሉ አየን ብለን ነው የምንከፋው? በ1997 አልተካፈሉም፣ ምን እንደተፈጠረ ጋሼ ጽፈዋል። እኔ ኢዜማን ልመርጥ የማስበው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2013 ሌላ ነበር የመረጥኩት።

የቀድሞ ተቃዋሚ

የአንተም ያስኬዳል። ግን ፓርላማ ውስጥ «ይሄ በጀት የት ገባ?» ብሎ የሚጨቀጭቅ ሰው ያስፈልገኛል። ሁሉም ካቢኔ ከገባ ማን ይጠይቃል?

ባለሱቋ

የሜክሲኮ ባለሱቅ ነኝ። ፖለቲካ አልወድም፤ እሱ ግን ሱቄ ድረስ ይመጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ ዶላር አልሸጥም፤ ዘይት፣ ዳይፐርና ሳሙና ነው የምሸጠው። ዳይፐር ላይ ዋጋ ስለጥፍ አንዲት እናት «ትናንት ስንት ነበር?» ትለኛለች። ስነግራት ዝም ብላ ታየኝና ፍሬ በፍሬ ሽጪልኝ ትላለች። ድሮ ሙሉ ፓኮ የሚገዙ ደንበኞቼ አሁን ሦስት፣ አራት ፍሬ ነው የሚገዙት። ፓኮውን ከፍቼ በፌስታል እከፍልላቸዋለሁ።

አንዳንዱ የተማረ ደንበኛ «ማሻሻያው የግድ ነበር፣ ጊዜ ይፈልጋል» ይለኛል። ልክ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ግን ድምፅ የምሰጠው በማየው ነው። አራት ኪሎ ማኪያቶ የኮሪደር ልማቱን መንገድ አይቶ እንደሚመርጠው እኔ ፌስታሉን አይቼ እመርጣለሁ። እቀይራለሁ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

እትዬ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ጥያቄዬ ያው ነው። የሚቀይሩት ፓርቲ ብሩን እንዴት ሊያደርገው ነው? ወደ ድሮው ሊመልሰው ነው?

ባለሱቋ

ልጄ፣ እሱን እነሱ ይምጡና ይንገሩኝ። ሱቄ መንገድ ዳር ነው፣ አይጠፋቸውም። እስካሁን የመጣው የግብር ሰው ብቻ ነው።

ሚሚ አራዳ

እንጀራው አለቀ፣ ተመለስኩ።

እኔ የምቀይረው ፓርቲ ጠልቼ አይደለም። የወረዳዬን ተወካይ አላውቀውም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስብሰባ ጠርቶን አያውቅም። ሰፈራችን ውስጥ ቤት ሲፈርስ የት እንሂድ፣ ማንን እንጠይቅ ብለን ስንዞር አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሠራተኛ «ተወካያችሁን ጠይቁ» አለን። ስሙን ስንጠይቀው እሱም አያውቀውም! ሁላችንም ሳቅን። ምን እናድርግ።

ስለዚህ ዘንድሮ የምመርጠው ሰው ነው። ስሙን የማውቀው፣ ስልኩን የማገኘው፣ ቢቻል ሰፈር ውስጥ የሚኖር። የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ የግልም ይሁን። አምፖል ይዞ ከመጣም ይምጣ።

ሕግ አንባቢ

ሚሚ ያነሳችው ነጥብ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 የምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል የለበትም። ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን አባል በሕግ መሠረት ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ አምስት ዓመት መጠበቅ እንኳ ግዴታ አይደለም፣ በወረቀት ደረጃ።

በተግባርማ ስሙን የማታውቀውን ሰው እንዴት ታነሳዋለህ?

ረዳት ነኝ ከሜክሲኮ

«በወረቀት ደረጃ» የምትለዋን ቲሸርት ላይ አትሙልኝ፣ እገዛለሁ።

ሁለት ወረቀት

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። እኛ አዲስ አበቤዎች የምንመርጠው ሁለት ነው። አንዱ ለፌደራሉ ፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ሁለቱን ለአንድ ፓርቲ ስጡ ያለን የለም። ግን ሁሉም ሰው አንዱን ካየ በኋላ ሌላው ላይ ያንኑ ይደግማል።

ከንቲባ በቀጥታ አንመርጥም። የከተማው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር የበዛለት ፓርቲ ነው ከንቲባውን የሚሰይመው። ስለዚህ ኮሪደሩን፣ ፈረሳውን፣ የቤት ግብሩን፣ የአውቶቡሱን ነገር በሚመለከት የምትደሰቱም የምትናደዱም ከሆነ የሚመለከታችሁ የከተማው ወረቀት ነው። ስለ ብር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕዳሴው፣ ስለ 12ኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ የፓርላማው።

እኔ ዘንድሮ አንዱን እደግማለሁ፣ ሌላውን እቀይራለሁ። የትኛውን እንደሆነ አልናገርም። ግን ባለሱቋና አራት ኪሎ ማኪያቶ የሚከራከሩት በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይመስለኛል። እሱ መንገዱን ያያል፣ እሷ ብሩን። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ባለሱቋ

ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። ጥሩ ብለሃል።

አራት ኪሎ ማኪያቶ

እኔ ሁለቱንም እደግማለሁ :) ግን ነጥቡ ጥሩ ነው።

ሂሳቡ ይቅደም

ሁለት ወረቀት፣ ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ለሁለቱም ጠንካራ ተወዳዳሪ የሚያቀርብ ሁለተኛ ፓርቲ ያስፈልግሃል። አሁን ያለው ሁኔታ ደግሞ አንዱ ፓርቲ በየቦታው፣ ሌሎቹ እዚህም እዚያም። የምትቀይርበት ቦታ ላይ የምትቀይርበት ሰው ላይኖር ይችላል።

የካዛንቺስ ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኩ። የኔ ጉዳይ ለየት ይላል። ካዛንቺስ ተወልጄ አደግሁ። በ2013 የመረጥኩት እዚያው ከቤቴ ሁለት ቅያስ ወርዶ በተተከለ ድንኳን ነው። ከፊትና ከኋላዬ የነበሩት ጎረቤቶቼ ነበሩ። አንዷ ጎረቤታችን ወንበር ይዛ መጥታ ተራዋን ተቀምጣ ነበር የጠበቀችው።

በ2017 ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ ገላን ጉራ ደረሰን። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ውሃም ሽንት ቤትም ውስጡ አለ፣ አልዋሽም። ግን ሥራዬ አሁንም መሀል ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ታክሲ። የካዛንቺስ ዕድርተኞች ደግሞ የት የት እንደተበተኑ እኔ ራሴ አላውቅም።

እና ፒያሳ ነባር «ትቀይራላችሁ ወይ?» ስትል ሳቄ መጣ። የምርጫ ክልሌ ተቀይሯል፣ ተወዳዳሪው ተቀይሯል፣ ጎረቤቴ ተቀይሯል። እኔ ልድገም ብል እንኳ ያኔ የመረጥኩት ሰው ያለው ካዛንቺስ ነው፣ ያውም ካለ። ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ የተነሳን ሰዎች ብዙ ነን። መሀል ከተማው ላይ በ2013 ድምፅ የሰጠው ሰውና ዘንድሮ የሚሰጠው ሰው አንድ አይደለም። ነገ ውጤቱ ሲወጣ «ካዛንቺስ እንዲህ መረጠ» ይባላል። የትኛው ካዛንቺስ?

ፒያሳ ነባር

ወንድሜ፣ ይሄ ከኔ ጥያቄ በላይ ነው። እኔ ፓርቲው ይቀየራል ብዬ ነበር ያነሳሁት። አንተ ደግሞ መራጩን ራሱን ከወረዳው አነሳኸው።

የስድስት ኪሎው መምህር

የካዛንቺስ ልጅ፣ እውነትህን ነው። የድሮ ምርጫ ላይ የቀበሌው ሰው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ማን ለማን እንደሚሰጥ በግምት ይታወቅ ነበር። ይሄ ጉዳትም ነበረው፤ ሰው ይፈራ ነበር። አዲስ ሰፈር የገባ መራጭ ግን ማንም አያውቀው፣ ማንንም አያውቅ። ነፃ ይሆናል ወይስ ይደነግጣል? እኔ ዘንድሮ የማየው እሱን ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

ጋሼ፣ እኔ እስካሁን ደንግጫለሁ። ለመሆኑ ካርድ የምወስደው የት ነው? የድሮ ሰፈሬ ሄጄ መመዝገብ እችላለሁ? ሥራዬ እዚያ ስለሆነ ይቀለኛል።

ሕግ አንባቢ

አትችልም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት የምትመዘገበው በምትኖርበት የምርጫ ክልል ነው። እዚያ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለብህ፤ አንተ ከ2017 ጀምሮ ከሆንክ አልፈሃል። የመኖሪያ መታወቂያህን ወደ አዲሱ ወረዳ አዛውረሃል?

የካዛንቺስ ልጅ

አዛውሬያለሁ። የሚስቴ ግን አሁንም የድሮው ነው።

ሕግ አንባቢ

ምዝገባው ሳይዘጋ የሷን ጨርሱ። የ2013ቱን ካርድ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ምርጫ አዲስ ምዝገባ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ

እሺ፣ ቅዳሜ ሁለታችንም እንሄዳለን። ገላን ጉራ አካባቢ የምትኖሩ፣ የሚወዳደሩትን ሰዎች የምታውቁ ካላችሁ ግን እዚሁ ጻፉልኝ። ከሁሉም ፓርቲ። የግሎቹንም።

ሚሚ አራዳ

ስልክ ቁጥራቸው የት እንደሚገኝም ጨምሩበት።